አባቴ የያዛትን ቀይ ቮልስ ልሸጥ ነው፦ ቀለም ትቀባ ወይስ እንዳለች ትሁን?

የቀይዋ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። የተወልን አንዲት ቀይ ቮልስ አለች። ወረቀቷ ላይ 1968 እ.ኤ.አ. ይላል፣ ሞተሯ 1300 ነው። ከአዲስነቷ ጀምሮ ከእሱ ሌላ የያዛት የለም። 84,000 ኪሎሜትር ሄዳለች። ጣሪያ ሥር፣ ጨርቅ ለብሳ ነው የኖረችው።

እኔም ወንድሞቼም ማቆሚያ ቦታ የለንም። ደጅ ቆማ ስትበሰብስ ከምናያት፣ ለሚንከባከባት ሰው ለመሸጥ ተስማምተናል።

ያለችበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ጣሪያውና የፊት ኮፈኑ ደብዝዟል። የግራ የፊት ፓራፋንጎ ድሮ ተገጭቶ ስለተቀባ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ይለያል። የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ላይ ስፌቱ ተፈቷል። ሞተሯ ከተነሣ 8 ወር ሆኖታል። አንድ ቀለም ቀቢ አይቷት «ሙሉ ቀለም ትቀባ፣ ወንበሩም ይለበጥ፣ ዋጋዋ እጥፍ ይሆናል» አለኝ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር?

ባለመፍቻ
ነፍስ ይማር እህቴ። እነዚህን መኪኖች ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬን ጨርሻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ቀለም ቀቢውን ለጊዜው አቆዪው።

ቮልስ ብርቅ መኪና አይደለችም። በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። ብርቅ የሆነው ማንም ያልነካካት ቮልስ ነው። አብዛኞቹ ተቆርጠዋል፣ ተበይደዋል፣ ሦስት አራት ጊዜ ተቀብተዋል። የአባትሽ ግን አንድ እጅ ላይ የኖረች ናት። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ደግሞ ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ «ከሥሩ ምን ደብቀው ይሆን?» የሚል ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቁልፉን አታዙሪው። 8 ወር የቆመ ቤንዚን ተበላሽቷል። ታንከሩ ይቀዳ። የቤንዚን ጎማዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፣ በእጅ ሲጫኗቸው ደህና ቢመስሉም እንኳ። ቮልስን በእሳት የሚያስበላት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት አንዲት የነሐስ ቱቦ አለች። በግፊት ብቻ ነው የተያዘችው። ከዘመን ብዛት ትላላና ሞተሩ እየሠራ ትወልቃለች። ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። መካኒኩ ቱቦዋን በጣቱ ነቅነቅ አድርጎ ይያት። የፕላስቲክ ማጣሪያ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ካለም ከዚያ ይነሣ።

ከዚያ ዘይት። 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው። እንደ ዘመኑ መኪና የሚቀየር ፊልትሮ የለውም፣ ከሥር የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ወንፊቱ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ምን እንደያዘም ይታይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ሳትደብቂ ንገሪን።

የፍሬን ዘይትም ይቀየር። እርጥበት ይስባል፣ ከውስጥ ሲሊንደሩን ያዝገዋል። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ዲናሞው ፑሌጃ፣ ማለት ቀበቶው የሚዞርበት ክብ፣ ላይ ባለው ብሎን በመፍቻ ይዞራል። በቀላሉ ከዞረ ያን ጊዜ ቁልፉን አዙሪ።

ሰምና ጨርቅ
ሥራዬ የመኪና ቀለም ማጽዳትና ማሳመር ነው። የደበዘዘው ጣሪያ እንዳያስጨንቅሽ። የዚያ ዘመን ቀለም ከላዩ ክሊር የሚሉት ቀለም አልባ ሽፋን የለውም፣ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። የደበዘዘው ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውኃ ትታጠብ፣ ጥላ ውስጥ። ከዚያ የማይታይ ቦታ ምረጪ፣ ለምሳሌ ከኋላ ከቁጥር ሰሌዳው ሥር። ነጭ ጥጥ ጨርቅ ላይ በጣም ቀለል ያለ ፖሊሽ ጠብ አድርገሽ በእጅሽ ቀስ ብለሽ እሺው። ጨርቁ ቀይ ከሆነ አትደንግጪ። ያረጀው ቀለም እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ከሥሩ የሚመጣው የመጀመሪያው ቀይ ነው። ያን ስታዪ ደስ ይልሻል። ግን ማሽን አታስነኪ። ጠርዞችና የኮፈኑ ጉብታ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ማሽን በሰከንዶች ውስጥ ብረቱ ላይ ያደርስሻል። አንዴ አሽተሽ ሰም ቀቢና በቃ። ትንንሽ ጭረቶቹ ይቆዩ።

ሌላው፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ ተዋሺ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስቱኮ፣ ማለት ከቀለም ሥር የሚለጠፍ የጉድጓድ መሙያ፣ ያለበት ቦታ ላይ ብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ ያሳያል። እያንዳንዱን ክፍል ለኪና ቁጥሩን በወረቀት ጻፊው። «ጣሪያ 95፣ የቀኝ በር 110፣ የግራ ፓራፋንጎ 240» የሚል ወረቀት ለገዢ ስትሰጪው ብዙ ክርክር ይቀርልሻል።

ፍጥነት
እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ዕድሜዋ የሚቀራረብ መኪና ነበረችኝ። ቀለም አስቀባኋት፣ ወንበር አስለበጥኩ፣ በሁለት ሳምንት ተሸጠች። ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው። ደብዛዛ መኪና ፎቶ ላይ ያረጀች ነው የምትመስለው። ሁሉም ገዢ የታሪክ ተመራማሪ አይደለም።

ባለመፍቻ
ወንድሜ ፍጥነት፣ ያልከው ለተለመደ መኪና ልክ ነው። ያንተዋ ቀድሞም የተቀባች ከነበረች ምንም አላጠፋህም። ይህችኛዋ ግን ተራ አይደለችም። አንድ ባለቤት፣ የፋብሪካ ቀለም፣ ዝቅተኛ ኪሎሜትር። ሦስቱ አንድ ላይ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኙት። ገዢዋም ሌላ ሰው ነው። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ታሪካዊ የሚለው መኪና ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ሁኔታ የተጠበቀና ለዕለት መመላለሻ የማይውል ነው። የቱሪን ቻርተር የሚሉት መመሪያቸውም ከማደስ በፊት ማቆየትን ያስቀድማል። እንደዚህ የሚያስብ ገዢ አዲስ ቀለም ካየ ጥሎ ይሄዳል።

ገዢ ነኝ
እኔ ከእነዚያ ገዢዎች አንዱ ነኝና የማየውን ልንገርሽ።

ስደርስ መጀመሪያ እጄን ሞተሩ ላይ አደርጋለሁ። ከሞቀ ቅር ይለኛል። ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሣ ማየት እፈልጋለሁና እኔ ሳልመጣ አታስነሺው።

ቀጥሎ የኋላውን ወንበር መቀመጫ አነሣለሁ። ባትሪው ያለው እዚያ ነው፣ በቀኝ በኩል። አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ደግሞ እሳት ይነሣል፣ ስለዚህ መሸፈኛው በቦታው መኖሩን እዪ። እዚያው በወለሉ መሐል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ግንድ ላይ የሻንሲው ቁጥር ተመትቷል። ሌላው ቁጥር ፊት ለፊት ካለው ሳህን ላይ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፤ በ1300 ሞተር በዚያ ዘመን በኤፍ ይጀምራል። ሦስቱም ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለባቸው።

ከዚያ ተንበርክኬ ከበሮቹ ሥር ያሉትን የሙቀት ማስተላለፊያ ቦዮች አያለሁ። ቮልስ የምትዝገው እዚያ፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታና ስፔር ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ላይ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አስጠጋለሁ። ካልያዘ ስቱኮ ነው።

አደራ፣ ከሥር ጥቁር ሬንጅ እንዳታስቀቢ። ብዙ ሰው «ንጹህ እንድትመስል» ብሎ ያደርገዋል። ትኩስ ሬንጅ ካየሁ ዝገት ተደብቋል ብዬ ነው የማስበው። ጭቃውን በውኃ አጥበሽ ብረቱን እንዳለ አሳዪኝ።

የቀይዋ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለመፍቻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀለም ቀቢውን ተውኩት።

ትናንት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወንበሩን አነሣነው። የባትሪው መሸፈኛ አለ። ከሥሩ ያለው ወለል ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ዝገት አለ፣ ግን አልተበሳም። ቁጥሩን በጥርስ ብሩሽ አጸዳነው። በ119 ይጀምራል። ወረቀቱ ግን 1968 ነው የሚለው። ልቤ ደነገጠ። ሻንሲዋ ተቀይሮ ይሆን?

ሌላ ነገርም አገኘን። ከመሳቢያው ውስጥ የአባቴ ትንሽ ደብተር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጽፎበታል። «ዘይት ተቀየረ፣ ቫልቮላ ተስተካከለ» ከጎኑ ኪሎሜትሩ። አንድ ገጽ ላይ «61,240፣ 3ኛው ሲሊንደር ድምፅ አለው፣ ይታይ» ይላል። ቀጣዩ መስመር ላይ «ታየ፣ ደህና ነው» ብሏል። የእጅ ጽሑፉን ሳየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባለመፍቻ
አይዞሽ፣ ምንም አልተቀየረም። የቮልስዋገን ሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ወር፣ በፈረንጆቹ ኦገስት ነው። ከኦገስት 1968 ጀምሮ የተሠሩት የ1969 ሞዴል ይባላሉ። በዚያ ዘመን ቁጥር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች፣ 11፣ የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ። ሦስተኛው አሃዝ፣ 9፣ የሞዴል ዓመቱን። ስለዚህ በ1968 መጨረሻ ወራት የተሠራች የ1969 ሞዴል ናት። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱንም ጻፊው። አንዱን ብቻ ከጻፍሽ አዋቂ ገዢ ይጠራጠራል።

ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀትም አለ። ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን ሙዚየም ፋውንዴሽን በሻንሲው ቁጥር ተመርቶ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የተሠራችበት ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟ፣ የተላከችበት አገር ይወጣል። ክፍያ አለው፣ ግን ለእንዲህ ያለች መኪና ይገባታል።

ስለ ደብተሩ፦ እሱ ከቀለሙም ይበልጣል። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺና ለራስሽ አስቀሪው። ዋናው ከመኪናዋ ጋር ይሂድ፣ ልብሽ ከፈቀደ። አባትሽ የሚያውቁት ሰው ነበሩ። 3ኛው ሲሊንደር በቮልስ ከሌሎቹ የሚሞቀው ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ስላለ ነፋስ በደንብ አይደርሰውም። ቫልቮላው የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ የሚያምቀውን ግፊት፣ አስለኪ፣ አራቱንም። ውጤቱን ጻፊው። ከሞላ ጎደል እኩል መሆናቸው ነው የሚፈለገው።

አንድ ፈተና ደግሞ ገዢው ያደርገዋል። የሞተሩን ፑሌጃ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ክራንኩ ወዲህ ወዲያ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ሞተሩ ተበልቷል። የሚፈቀደው ወዲህ ወዲያ ማለት ከ0.15 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ በእጅ ሊሰማሽ አይገባም ማለት ነው። ቀድመሽ አንቺ አድርጊው።

ሰምና ጨርቅ
ወንበሩን አታስለብጪው። የተፈታው ስፌት ብቻ፣ በድሮው ቀዳዳ፣ ተመሳሳይ ክር ተፈልጎ ይሰፋ። ቪኒሉን በለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ። የሚያብለጨልጭ ሲሊኮን አትቀቢ፣ ያንሸራትታል፣ አቧራም ይስባል። ሽታዋንም አታጥፊው። መኪና ውስጥ ሽቶ የሚረጭ ሰው የእርጥበት ሽታ እየደበቀ ይመስላል። ምንጣፎቹን አውጥተሽ በሮቹን ከፍተሽ አናፍሻት፣ በቂ ነው።

አንድ ሌንስ
ፎቶ ማንሣት ሥራዬ ነው። ብዙ ጥሩ መኪና በመጥፎ ፎቶ ይረክሳል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ አንሺያት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትሆን። ከኋላዋ ባዶ ግድግዳ ይኑር። ቁመትሽን ዝቅ አድርገሽ ከፊት መብራቱ ልክ አንሺ። ታጥባ በደንብ ደርቃ መሆን አለበት። እርጥብ መኪና ሁሉ ያምራል፣ አዋቂ ገዢም ይህን ያውቃል።

ጉድለቶቹን ቅርብ ሆነሽ አንሺ። የባትሪውን ዝገት ከጎኑ ጣትሽን አድርገሽ፣ ልኩ እንዲታወቅ። የተቀባውን ፓራፋንጎ ከበሩ ጋር አብረሽ፣ የቀለሙ ልዩነት እንዲታይ። ከሥር፣ ከወንበር ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር። 80 ፎቶ ቢሆን አይበዛም።

ቪዲዮ ደግሞ አንድ ብቻ፣ ሳይቆረጥ። የሞተሩን ክዳን ስትከፍቺ ጀምሮ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ። የሻንሲውን ቁጥርና ሰሌዳውን ግን ሸፍኚው። በዚያ ቁጥር የሌላ መኪና ወረቀት የሚሠሩ አጭበርባሪዎች አሉ። ቁም ነገረኛ ገዢ ሲመጣ ራሱ ያንብበው።

ፍጥነት
ጭቅጭቅ አይደለም፣ አንብቤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ይህች አትቀባ። ግን ጎማዎቹስ? እነሱም «ኦሪጅናል» ተብለው ይቆዩ?

ገዢ ነኝ
ጎማ ሌላ ነው። ጎማ ሕይወት ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለ ከ2000 በፊት ነው፣ በዚያ አትንጂ። በድሮው ልክ፣ 5.60-15፣ አዲስ ጎማ ይገኛል። ብሬክና ጎማ አስተካክለሽ አሳዪኝ፣ ጌጡን ተዪው። የተነሣ የድሮ ዕቃ ካለም አትጣሉ፣ በካርቶን አድርጋችሁ ስጡኝ። ለእኔ የተበላ የድሮ ዕቃ ከአዲሱ ይበልጥብኛል።

ባለመፍቻ
ስለ ዋጋ ልጨምር። ሰው የሚጠይቀውን ዋጋ አይተሽ አትተምኚ። የተሸጡትን ፈልጊ። ለኢንሹራንስ የሚገምት ገለልተኛ ሰው ካለ ግምቱን በጽሑፍ ያዢ። ከወንድሞችሽ ጋር ከዚህ አንወርድም የምትሉትን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ገዢ ፊት እንዳትከራከሩ። የውርስ ወረቀቱም ከማስታወቂያው በፊት ይለቅ። ገዢ ተገኝቶ ወረቀት ሲጓተት ስንት ሽያጭ ፈርሷል።

ለሙከራ የሚነዳት መንጃ ፈቃዱን ያሳይሽ፣ ኢንሹራንሱ እንደሚሸፍነው አረጋግጪ፣ አንቺም አብረሽ ግቢ። ብሩ ባንክሽ መግባቱን ራስሽ ሳታረጋግጪ ቁልፍ አትስጪ። «ከዋጋው አስበልጬ ልላክልሽና ትርፉን መልሺልኝ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊው።

የቀይዋ ልጅ
ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ልነግራችሁ ይገባል ብዬ።

ሁሉንም እንዳላችሁ አደረግን። የነሐሱ ቱቦ እውነትም ላልቶ ነበር። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ይዞ ሲጎትተው ወጣ። ሁላችንም ዝም አልን። አስጠበቀው። ኮምፕሬሽኑ 8.0፣ 8.1፣ 7.3፣ 8.0 ባር መጣ። ዝቅ ያለው 3ኛው ነው። ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፍነው፣ ከአባቴ ደብተር ገጽ ፎቶ ጋር።

ጣሪያውን ያሸሁት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ሦስት ቀን ፈጀ። ሰባት ነጭ ጨርቅ ቀይ ሆነ። መጨረሻ ላይ ልጅ እያለሁ የማውቃት ቀይ ወጣች። የቀለሙ መለያ ኤል 30 ኤ ሆኖ ተገኘ፣ ያ የፋብሪካው ሮያል ቀይ ነው።

አራት ሰዎች መጥተው አይተዋታል። አንደኛው «ለምን አላስቀባችሁትም?» ብሎ ሄደ። የገዛት ሦስተኛው ነው። እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያውቅ ፈገግ አለ። ፑሌጃውን ጎተተ። ወንበሩን አንሥቶ ዝገቱን አየ፣ «ፎቶው ላይ ካየሁት ያነሰ ነው» አለ። ደብተሩን ከፍቶ ግን ብዙ ቆየ። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከረም። ብሩ መግባቱን አረጋግጠን፣ ሁላችንም ፈርመን፣ ቁልፉን ወንድሜ ሰጠው።

ባለመፍቻ
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። አባትሽ ደስ ይላቸዋል። ደብተሩን ሰጠሽው?

የቀይዋ ልጅ
ሰጠሁት ጋሼ። ገጾቹን በሙሉ ፎቶ አንሥቼ ነው የሰጠሁት። ማታ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ደወልኩለት። የመስታወቱ ውኃ የሚረጨው ከስፔር ጎማው በሚመጣ አየር ነው። አባቴ ሁልጊዜ ስፔሩን ከሌሎቹ አብልጦ ይነፋው ነበር። ይህን ሳልነግረው ቀርቼ ነበር። «ቆይ፣ ልጻፈው» አለኝ። በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። አባቴ ከጻፈበት ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ጻፈው።